እጅ የማይነሳ ሞላ

ሶፋ ሠሪ ብዙ ነው፤ ሠፈሩ "ጋሽ ምቾት" ብሎ የሰየመው ግን አንዱን ብቻ ነበር። ስሙ ዝም ብሎ አልወጣለትም። ሌላው ሶፋ ሠሪ ደንበኛ ሲመጣለት የጨርቁን ቀለም ይጠይቃል፤ ጋሽ ምቾት "ማን ነው የሚቀመጥበት?" ይላል። ከዚያ ሞላዎቹ በሲባጎ ታስረው፣ ስፖንጁም ጨርቁም ገና ሳይለብስባቸው፣ የሶፋውን ባለቤት ይጠራል። በባዶው ሞላ ላይ አንድ ጣውላ ጣል ያደርግና "እስቲ ቁጭ በል" ይለዋል። ሰውየው ሲቀመጥ እሱ ወለሉ ላይ በሆዱ ተኝቶ ከሥር ያያል። ደህና ሞላ፣ እንደ ጋሽ ምቾት አባባል፣ ሰው ሲቀመጥበት እጅ ይነሳል። ትንሽ ጎንበስ ይላል፣ ከዚያ ሰውየውን ተሸክሞ ይረጋል። ዝርግፍ የሚለው ደካማ ነው። ጭራሽ የማያጎነብሰው ደግሞ ባለጌ ነው፣ ወገብ ይሰብራል። ከዚህ ሥርዓት ማንም አይቀርም ነበር። አንድ ጊዜ አንድ ዳኛ "እኔን በዚህ ሽቦ ላይ?" ብለው ቢቆጡ፣ "ጌታዬ፣ ችሎት ላይ እርስዎ ያዩናል፣ እዚህ ደግሞ እኛ እናይዎታለን" ብሎ አስቀመጣቸው አሉ።

ይህ አስቀድሞ የሚነገረው ሰውየው ሥራውን አያውቅም እንዳይባል ነው። የኋላውን ሲሰማ "ምን ዓይነት ጅል ነው!" የሚል አይጠፋምና። ጅል አልነበረም። ጅል ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይህን ያህል አንጀት ባልበላ።

ቤቱ ከታች የሥራ ቦታ፣ ከላይ መኖሪያ ነው። ሁለቱን የሚያገናኘው ቀጥ ያለ የብረት ደረጃ ሲሆን፣ ሚስቱ ያን ደረጃ ዕድሜ ልኳን በአንድ እጇ የተቆረጠ ጨርቅ አቅፋ፣ በሌላው የሻይ ፔርሙስ አንጠልጥላ ስትወርደው ኖራለች። የሶፋውን ልብስ የምትሰፋው እሷ ናት። እሱ ሞላውን ያስራል፣ እሷ ታለብሰዋለች፤ ሲያልቅ ደግሞ ዘፍ ብላ ትቀመጥበትና "እኔን ከቻለ ማንንም ይችላል" ትላለች። ወፍራም ነበረች፣ ሳቋም እንደሷው ወፍራም። ገና እንደተጋቡ አንድ ቀን ለጨዋታ ብሎ የጥጥ መመዘኛው ላይ ቢያወጣት ልክ ሁለት ከረጢት አሸዋ መዘነች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟ "ሁለት ከረጢት" ሆኖ ቀረ። ሌላ ሰው ቢላት መቀሷን ታነሳበት ነበር፤ እሱ ሲላት ግን የተቆጣች መስላ ደስ ይላታል።

ከዚያ በሽታው መጣ። ጡቷ ላይ ጀመረ፣ ድናለች ተባለ፣ ቤቱ ሁሉ እፎይ አለ፤ ዘወር ብሎ ወደ አጥንቷ ገባ። ሁለት ጎረምሶች በወንበር ተሸክመው በዚያ ደረጃ ሲያወርዷት ጎድኗ ተሰነጠቀ። ሐኪሟ ይህን ሲሰማ ጋሽ ምቾትን ለብቻው ጠራው።

"ጨረሩ አያድናትም፤ ስቃዩን ግን ይገታላታል" አለው። "ሳታቋርጥ ትጨርስ። መሃል ላይ ካቋረጠች እንደገና አንጀምርላትም፣ አቅሙ የላትም። በሸክም ግን አይሆንም። አከርካሪዋ ኃይለኛ ምት ካገኘው በቃ፣ ከዚያ ወዲያ ቀና ብላ አትቀመጥም።"

ሊፍት የተሠራው ለዚህ ነው። ሊፍት ሲባል የትልቅ ሕንፃውን አታስቡ፤ ይኼኛው አንድ ዊልቸር ብቻ የሚያስገባ ሳጥን ነው። ከሥራ ቦታው ጥግ ላይ ጣሪያውን ቀደው፣ ሁለት ሐዲድ አቁመው፣ ከላይ ሞተር በገመድ የሚጎትተው። የሠራው ቴክኒሽያን ረጋ ያለ፣ ቃል ከአፉ በጉጠት የሚወጣ ወጣት ነበር። ሳጥኑ የሚያርፍበት ጉድጓድ ውስጥ ወፍራም ላስቲክ አነጠፈና፣ "ጋሼ፣ ሲያርፍ ትንሽ ነካ ማድረጉ አይቀርም። ለጤነኛ ሰው ምንም አይደለም" አለ።

"እኔ ጤነኛ ሰው የለኝም" አለ ጋሽ ምቾት። "ነካ የምትለውን ለኔ ተወው።"

ሳጥኑ ውስጥ ሌላ ወለል ሠራ። ከሥር ብረቱ፣ መሃል ላይ ሞላ፣ ከላይ ደግሞ ዊልቸሩ የሚቆምበት ጣውላ። ሳጥኑ መሬት ሲመታ ምቱን ሞላው ይውጠዋል፣ የተቀመጠው ሰው ጋ አይደርስም። ሐሳቡ ግሩም ነበር፤ ቴክኒሽያኑ ቃል ቢያጣ በአውራ ጣቱ አደነቀ። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ነውና፣ ጋሽ ምቾት ዕቃ ክፍሉ ገብቶ ያለውን ወፍራም ወፍራም ሞላ መረጠ። ዕድሜ ልኩን ሰውን ሁሉ የጠየቃትን ጥያቄ ግን ያን ቀን አልጠየቃትም። ምን ብሎ ይጠይቅ? የምትቀመጥበት ሚስቱ ናት፤ ሚስቱን ደግሞ ያውቃታል። ልኳን ሁለት ከረጢት አሸዋ ሞላ፣ ዊልቸሩ ላይ ጫነው፣ ላዩ ላይ በውሃ የተሞላ ብርጭቆ አስቀመጠና ሊፍቱን አወረደው። ሳጥኑ እንደ ጥጥ አረፈ። ከብርጭቆው ጠብ ያለ ነገር አልነበረም።

የመጀመሪያው ቀን ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ከታች ጠበቃት። ልጃቸው ከላይ አስገባቻትና በሩን ዘጋች። ሳጥኑ እያንጎራጎረ ወረደና "ጓ!" አለ። ከዚያ ጩኸቷ መጣ። ልጃቸውን ስትወልድ እንኳ እንዲያ አልጮኸችም። ጋሽ ምቾት በሩን ሲከፍት ፊቷ ላይ ደም የሚባል አልነበረም። እናትና ልጅ በሐኪም ቤቱ መኪና እንደሄዱ ቴክኒሽያኑ ከረጢቶቹን ጭኖ ቢያወርደው፣ ጥጥ! ጋሽ ምቾት ራሱ ገብቶ ቢወርድ፣ ጥጥ! ቴክኒሽያኑ ፍሬኑን አስተካከለ፣ ሐዲዱን በግራሶ ቀባ፣ ገመዱን ፈተሸ። የተበላሸ ነገር አላገኘም።

በማግስቱ እሷ ከአልጋዋ ሆና ጨርቅና መርፌ አስመጣች። "ያን ሽቦ እያየሁ አልወርድበትም፣ ያስፈራኛል" ብላ በጣውላው ዙሪያ እስከ ታች የሚደርስ ሽንሽን መጋረጃ ሰፋች። ጣቷ መርፌ መያዝ እያቃተው ሰፋችው። ጋሽ ምቾት ሽንሽኑን ባየ ቁጥር ዓይኑ እንባ ያቀርር ነበር። እንዲህ ሆና እንኳ የሱን ሥራ ታለብስለታለች ብሎ ነው።

ሁለተኛው ቀን ከመጀመሪያው ባሰ። ጮኸችና ራሷን ሳተች። ሐኪሟ "ምን እያደረጋችኋት ነው?" ብሎ በሰው ፊት ጮኸበት። ምን እያደረጋት እንደሆነ ጋሽ ምቾትም አያውቅም።

ዛሬ ሦስተኛው ነው። የሐኪም ቤቱ መኪና ከሰዓት በኋላ ይመጣል። ጠዋት ልጃቸው እያለቀሰች ወረደችና፣ "አልወርድም አለች፤ እዚሁ ልሙት አለች" ብላ ነገረችው።

ጋሽ ምቾት ይህን ሲሰማ ጉድጓዱ ውስጥ ነበር። አልወጣም። የመኪና ጎማ ከተተበት። ጎማው ላይ የስፖንጅ ቁርጥራጭ፣ ስፖንጁ ላይ ሰጋቱራ የጠቀጠቀበት ማዳበሪያ፣ ማዳበሪያው ላይ ደግሞ የራሱን ፍራሽ ለሁለት ቀዶ ጨመረበት። ፍራሹን ሲቀድ ቴክኒሽያኑ "ጋሼ፣ ምን ላይ ሊተኙ ነው?" ቢለው "መተኛት የታለና!" ብሎ አፈጠጠበት። ሊፍቱን በከረጢት አወረዱት፤ ጥጥ። በባዶ ዊልቸር አወረዱት፤ ጓ! ብሎ ብርጭቆው ተገለበጠ።

"ባዶ ሲሆን ነው" አለ ቴክኒሽያኑ። "ሞላው የሚጫነው ክብደት ሲያጣ ከድንጋይ እኩል ነው።"

"ለኔ ነው የምትነግረኝ? እኔ ይኼን ሳውቅ አባትህ ገና ሱሪ አልታጠቀም።"

እውነትም ያውቀው ነበር። እያወቀ ከረጢቶቹን መልሶ ጫነ። እንደገና ጥጥ ሆነ። በከረጢት አሳምሮ የሚሠራ ሊፍት በሚስቱ የሚከፋበት ምክንያት ቢያስብ ቢያስብ አልመጣለትም። ውሃ ቢወቅጡት ያው እምቦጭ ሆነበትና የጉድጓዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ያዘ።

"ጋሼ፣ አይቆጡኝና" አለ ቴክኒሽያኑ፣ መፍቻውን እያገላበጠ። "ሰው አንዴ ከደነገጠ ሳይነኩትም ይጮኻል። እማማ ምናልባት... ፍርሃት ይሆን?"

ሌላ ቀን ቢሆን ከነመፍቻው ያባርረው ነበር። ግን የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ሌላ ምክንያት ያጣ ሰው ይኼንንም አልተወም። ፍርሃት ከሆነ መላ አለው፤ ፍርሃት በምክር ይለቃል። ሰጋቱራውን ከሱሪው ላይ አራገፈና ወደ ላይ ወጣ።

እኩለ ቀን ነው፤ የጣሪያው ቆርቆሮ ክፍሉን ምድጃ አድርጎታል። እሷ ግን እንደ ወትሮዋ ወፍራም ሹራብ፣ ሹራቡ ላይ ሌላ ሹራብ፣ ከዚያ ላይ ጋቢ ደርባለች። "ይበርደኛል" ነው የምትለው። አልጋው ሲነቃነቅ ስለሚያማት ጋሽ ምቾት ከእሷ ጋር መተኛት ካቆመ ከራርሟል። የምታጥባትና የምታለብሳት ልጃቸው ናት፣ ያውም በር ተዘግቶ። እሱ ከበሩ አጠገብ ያለች ዱካ ላይ ይቀመጥና ከሩቅ ያጫውታታል።

"ሁለት ከረጢት" አላት።

"አቤት" አለች፣ ከመስኮቱ ሳትዞር።

"አስተካክዬዋለሁ። ዛሬ እንኳን አንቺ እንቁላል ቢጭኑበት አይሰበርም።"

"ባለፈውም እንዲሁ ብለህ ነበር።"

"ባለፈው ፍራሼን አልቀደድኩም!"

ሳቅ አለች። ሳቋ አሁን ትንፋሽ ብቻ ነው። "ፍራሽህን ቀደድክ? አንተ ሰው፣ በቃ አብደሃል።"

"አብጃለሁ። ቢሆንም ውረጂ።" ዱካውን ትንሽ ወደ አልጋው አስጠጋ። "ስሚኝ እስቲ። እኔም ገብቼ ወርጃለሁ፣ አሸዋውም ወርዷል። ምንም የለውም። ቴክኒሽያኑ ደግሞ... እንዲያው ምናልባት... ፍርሃቱ ይሆን?"

ቃሉ ከአፉ እንደወጣ መልሶ መዋጥ ተመኘ። እሷ ዞራ አየችው። ረጅም አየችው። በዚያ አስተያየት ውስጥ ቁጣ ቢያገኝ ይሻለው ነበር።

"ይሆናል" አለች ቀስ ብላ። "አዎ፣ ፍርሃት ይሆናል።"

ጋሽ ምቾት አለቀሰ። በልቅሶው መሃል ያሰበው ምክር ሁሉ ጠፋና የቀረው ልመና ብቻ ሆነ። "አትተዪኝ። ሌሊት በግድግዳው በኩል ስታቃስቺ እሰማሻለሁ። ጨረሩን ካልጨረስሽ ከዚህም ይብሳል አሉኝ። ግድግዳውን ይዤ ነው የማድረው። በናትሽ፣ በናትሽ ውረጂልኝ።"

"እሺ" አለች። "እወርዳለሁ። አንተ ብቻ አታልቅስ። ስታለቅስ አያምርብህም፤ ስትስቅም ያው ለመከራ ነህ።"

ልጃቸው ኮሪደሩ ላይ ቆማ ሰምታለች። እጁን ይዛ ወደ ደረጃው ጎተተችው። ዓይኗ በልቅሶ አብጧል።

"እማዬን ፈሪ አልካት?"

"ፈሪ አላልኳትም! ፍርሃት ይሆን ወይ አልኩ እንጂ..."

"አባዬ፣ አንተ እማዬን መጨረሻ ያየሃት መቼ ነው?"

"ምን ማለትሽ ነው? በየቀኑ አይደል እንዴ የማያት!"

"ሹራብ ነው በየቀኑ የምታየው" አለችና አፏን በእጇ ያዘች። እንዳትናገር እናቷ አስምላታለች። ጋሽ ምቾት ምን ለማለት እንደፈለገች መጠየቅ ይችል ነበር። አልጠየቀም። በልቡ "ደክሟት ነው" ብሎ ደረጃውን ወረደ።

መኪናው መጥቶ ጡሩምባውን ነፋ። ልጅቷ እናቷን በአንሶላ አንሸራታ ዊልቸሩ ላይ አስቀመጠቻት። ጋሽ ምቾት እንደ ወትሮው ከታች ሊጠብቅ ጉድጓዱ አጠገብ ቆመ። ከረጢቱ ሲጫን ሞላው ምን እንደሚያደርግ ስንት ጊዜ አይቷል፤ እሷ ስትገባ ምን እንደሚያደርግ ግን አንድም ቀን አላየም። የመጀመሪያው ቀን ከታች ነበር። ከዚያ በኋላ ደግሞ ሽንሽኑ ሸፍኖታል። ማንም ደንበኛ ላይ ያላደረገውን በገዛ ሚስቱ ላይ ማድረጉ ገረመው። ቴክኒሽያኑን "ጠብቅ!" አለውና ደረጃውን ሮጦ ወጣ።

ዊልቸሩ የሊፍቱ አፍ ላይ ደርሷል። ጋሽ ምቾት ተንበረከከና የመጋረጃውን ጫፍ ያዘ።

"አትንካው!" አለች ሚስቱ። ከዚያ ከደከመ ሰውነት ያ ድምፅ ከየት እንደወጣ እንጃ። "ለቅቀው! ሰፍቼዋለሁ፣ አትቅደድብኝ!"

"አልቀደውም። ላየው ብቻ ነው።"

ሽንሽኑን ወደ ላይ ገለበጠውና፣ ለዳኛውም ለነጋዴውም እንደሚያደርገው፣ ወለሉ ላይ በሆዱ ተኛ። ጉንጩን ሲሚንቶው ላይ ጣለ። ሞላዎቹ በተርታ ቆመዋል፣ ወፍራሞች፣ አዳዲሶች፣ እሱ በእጁ የመረጣቸው።

"ግቢ" አለ።

ዊልቸሩ ተንቀሳቀሰ። ሞላዎቹ ዝም አሉ።

"ግቢ እንጂ! ሙሉ በሙሉ አስገቢያት!"

"አባዬ" አለች ልጁ።

"ሁለቱንም ጎማ አስገቢ!"

"ገብታለች፣ አባዬ። ላዩ ላይ ናት።"

ጋሽ ምቾት ሞላዎቹን አየ። ከነዊልቸሩ ብረት፣ ከነሹራቡ፣ ከነጋቢው ላያቸው ላይ ሆና አንዱም አላጎነበሰላትም። ተጣብቀው ይሆን ብሎ አንዱን በጣቱ ነካው፤ ደህና ነው። ከዚያ ከተኛበት ዓይኑን ቀና ሲያደርግ፣ በሽታው ከመጣበት ቀን ጀምሮ ሲሸሸው የኖረውን ነገር አየ። በቀሚሷና በካልሲዋ መሃል እግሯ ብቅ ብሎ ነበር። ካልሲዋ ድርብ ነው፣ ሁለቱም ቁልቁል ወርደዋል፤ የሚይዛቸው ሥጋ የለም። እሱ ለሕፃን ወንበር የሚሠራው እግር ከዚያ ይወፍራል።

ከውጭ ጡሩምባው እንደገና ተነፋ።

"ሁለት ከረጢት" አለ በመጨረሻ፣ ፊቱ እዚያው ሲሚንቶው ላይ እንዳለ።

"አንዱንም አልሞላም" አለች ሚስቱ። "አንዱንም፣ አንተዬ።"

ልጅቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

"እያወቅሽ ነው?"

"ስንት ዘመን ሞላህን ያለበስኩት ሴት! በመጀመሪያው ቀን፣ ገና ጓ ከማለቱ፣ የማን ሞላ እንደሆነ አውቄዋለሁ።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም? ወገብሽ እስኪሰበር? እኔ ጉድጓድ ውስጥ ጎማ ስከት፣ ፍራሽ ስቀድ! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አልሰማሽም?" ድምፁ ተሰበረ። "ፍርሃት ነው እስክልሽ ድረስ ዝም አልሽኝ!"

"ልክ ነበርክ። ፍርሃት ነው።" ትንፋሿን ሰበሰበች። "ሐኪሙ ያየኛል፣ ልጄ ታጥበኛለች፣ መስታወቱንም አስነስቻለሁ። ሁሉም ያውቃል። አንተ ግን በሩ ላይ ቁጭ ብለህ ሁለት ከረጢት ትለኛለህ። ባንተ ዘንድ ገና አልከሳሁም ነበር። እሱን እንዳላጣ ነው የፈራሁት። ስቃዩን ቻልኩት፣ እሱን ማጣት ግን አቃተኝ።"

ጋሽ ምቾት ተነሳ። "መልሺያት፣ ከላዩ አውርጂያት" አለ ልጁን፣ ደረጃውንም ወረደ።

"ምን ተገኘ ጋሼ?" አለ ቴክኒሽያኑ።

"ያን ጎማና ፍራሽ ከጉድጓዱ አውጣ። ከረጢቶቹንም አውጣልኝ፣ ከዓይኔ አርቅልኝ። ለሾፌሩም ንገር፣ ይጠብቀን።"

ዕቃ ክፍሉ ውስጥ፣ ከላይኛው መደርደሪያ፣ አንድ የካርቶን ሳጥን አለ። የሕፃናት ወንበር ሲታዘዝ የሚከፈት ነው። ቀጫጭን ሞላዎች ናቸው፣ በሁለት ጣት የሚታጠፉ። ጋሽ ምቾት አቅፏቸው ሲወጣ እየተንሿሹ ነበር። ሚስቱ ገና ድምፃቸውን ስትሰማ የትኞቹ እንደሆኑ አወቀች፣ አንገቷንም ደፋች።

ቡሎኑን ፈታ። ሲባጎውን በጥርሱ በጠሰ። ወፍራሞቹን አንድ በአንድ እየነቀለ ከኋላው ጣላቸው። ቀጫጭኖቹን ሲያስር አንዱ ሞላ አምልጦት ተንከባለለ። ልጅቷ አንስታ ሰጠችው። ሚስቱ ከዊልቸሯ ሆና አየችና፣ እንደ ድሮዋ፣ አላስችል አላት።

"ከፊት አንድ ጨምር" አለች። "ወደ ፊት ነው የማዘነብለው።"

ጨመረ።

"በግራ በኩል ያለው አልተጠበቀም።"

"ተጠብቋል።"

"አልተጠበቀም ስልህ! ሲባጎው ላልቷል።"

ጎተት ቢያደርገው እውነትም ላልቷል። አጠበቀው። ዕድሜ ልካቸውን በዚህ ሲነታረኩ ነው የኖሩት፤ ሁለቱም የዛሬው ንትርክ ቶሎ እንዳያልቅባቸው እየሳሱ ሠሩ። ሲጨርስ ጣውላውን መለሰና እንደገና በሆዱ ተኛ።

"እስቲ ግቢ" አለ።

ዊልቸሩ ገባ። ቀጫጭኖቹ ሞላዎች ተራ በተራ፣ መጀመሪያ የፊቶቹ፣ ከዚያ የኋላዎቹ፣ ጎንበስ አሉ። ጎንበስ ብለውም ተሸክመዋት ረጉ።

"እጅ ነሱሽ" አለ ጋሽ ምቾት።

"እግዜር ይስጣቸው" አለች።

ገልብጦት የነበረውን ሽንሽን በእጁ እየዳበሰ ወደ ታች መለሰው፣ እጥፉንም አስተካከለ። በሩን ራሱ ዘጋ። ከዚያ ደረጃውን ተንደርድሮ ወርዶ ሳጥኑን ቀደመው። ቴክኒሽያኑ ቁልፉን ተጫነ። ገመዱ አንጎራጎረ። የሳጥኑ ሥር ከጣሪያው ቀዳዳ ብቅ አለ፣ ወረደ፣ ወረደ። ጋሽ ምቾት "ጓ" የሚለውን ላለመስማት ጥርሱን ነክሶ፣ ትከሻውን ሰብስቦ ቆመ። እግዜርን የለመነው ነገር ቢኖር ያን ሰዓት ነው። ሞተሩ ጸጥ አለ። ሌላ ድምፅ አልመጣም። ቴክኒሽያኑ ወደ ጉድጓዱ ጎንበስ ብሎ አየና ራሱን ነቀነቀ፤ አርፏል።

ጋሽ ምቾት በሩን ከፈተ። ሚስቱ ዓይኗን ጨፍና፣ የዊልቸሩን እጀታ ጨብጣ ምቱን እየጠበቀች ነበር።

"ገና ነው?" አለችው።

"ደርሰሻል።"

ዓይኗን ገለጠች። የሥራ ቦታውን አየች፣ ያላለቁትን ሶፋዎች፣ የስፌት መኪናዋን፣ ጥግ ላይ የተጣሉትን ሁለት ከረጢቶች። እሱንም አየች፤ በሰጋቱራ የተነከረ ሸሚዙን፣ ሲሚንቶ ላይ ተኝቶ የቀላ ጉንጩን። ስለ ክብደቷ አሁን ሁለቱም እኩል ያውቃሉ። ምን እንደሚመጣም እንዲሁ። ጋሽ ምቾት ቀርቦ ጉልበቷ ላይ እጁን አሳረፈ። ከስንት ጊዜ በኋላ መንካቱ ነበር፤ ከጋቢው ሥር ያገኘው አጥንት ብቻ ሆነ፤ እጁን ግን አላነሳም።

እሷ ጣውላውን በተረከዟ ቀስ አድርጋ ነካ ነካ አደረገችው። ሥራ ሲያልቅ ሁልጊዜ እንደምታደርገው ነው።

"ደህና ነው" አለች። "እኔን ከቻለ ማንንም ይችላል።"

ጋሽ ምቾት ሳቀ። በዚህ ቀልድ ዕድሜ ልኩን ሲስቅ የኖረ ሰው ስለሆነ፣ ሳቁ ከለቅሶው ቀድሞ ወጣ።